በ40 ደቂቃና በ63 ተማሪ መካከል፦ ለክፍልዎ የትኛው ፍልስፍና ይሻላል?

«ገባችሁ?»

«አዎ!»

ስልሳ ሦስት ተማሪ በአንድ ጉሮሮ ነው የሚመልሰው። ሰኞም አዎ ነው፣ ዓርብም አዎ ነው፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ በማያልፍበት ቀንም አዎ ነው። የፈተና ወረቀት ተሸክሜ ቤቴ ስገባ ግን ከእነዚያ አዎ ባዮች ግማሹ ጥያቄውን አልነካውም። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አዎታቸውን አምን ነበር። ዛሬ ያ ድምፅ በደመቀ ቁጥር አንድ ነገር እንዳመለጠኝ አውቃለሁ።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ለመምህርነት ስንሠለጥን ፍልስፍና የሚባለው ነገር አንድ ምዕራፍ ነበር፦ ሐሳባዊነት፣ እውናዊነት፣ ፕራግማቲዝም፣ ከነመሥራቾቻቸው ስም። ሸመደድነው፣ ተፈተንነው፣ ረሳነው። ወደ እነዚያ ሰዎች የመለሰኝ ይኸው «አዎ» ነው። ብዙ ከሞከርኩና ብዙ ከተበላሸብኝ በኋላ አምስት መንገዶች እጄ ላይ ቀርተዋል፤ የትኛው መቼ እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያስከፍልና የት ላይ እንደሚያዋርድ እዚህ አነጻጽራቸዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይ። ፍልስፍናን ማስተማር ሌላ ነው፣ በፍልስፍና ማስተማር ሌላ። ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ልጆቻችን በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለዕረፍት መጥቶ የአመክንዮ ስሕተት ዓይነቶችን በተርታ በቃሉ ወረደልኝ። «ጎበዝ። ከእነዚህ አንዱን በዚህ ሳምንት ከሰው አፍ ሰምተሃል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ።

መጀመሪያ ልጁ የት ላይ እንደተያዘ ይዩ

ብዙ ጊዜ ምርጫው ከተሳሳተ ቦታ ይጀመራል። «ተማሪ ተኮር የሚባለው የትኛው ነው?» ይባላል፤ ወይም ሱፐርቫይዘሩ የሚወዱት ይመረጣል። እኔ የምጀምረው ልጁ ከተያዘበት ቦታ ነው። አንዱ አውቃለሁ ብሎ ተሳስቷል። ሌላው ቃሉን በደብተሩ ይዟል፣ ነገሩን ግን አይቶት አያውቅም። ሦስተኛው ለማንኛውም ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ያለ፣ እሱም መምህሩ ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። አራተኛው ትምህርቱን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ ከኋላ ዴስክ ላይ ደወል ይጠብቃል። አምስተኛው ያውቃል፣ ግን አያደርገውም። አምስቱም ወረቀታቸው ላይ የሚያርፈው ያው ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ሶቅራጥስን፣ ለሁለተኛው ጆን ዲዊን፣ ለሦስተኛው የመጽሐፍ ቤታችንን አንድምታ (አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ ፍቺ የሚተረጉመውን)፣ ለአራተኛው ፓውሎ ፍሬሬን፣ ለአምስተኛው አርስቶትልን እጠራለሁ።

ሶቅራጥስ፦ አውቃለሁ ብሎ ለተሳሳተ

የሶቅራጥስ እናት አዋላጅ ነበረች። እሱም ሥራዬ የእናቴ ሥራ ነው፣ እኔ ራሴ አልወልድም፣ ሌላው የፀነሰውን ሐሳብ አዋልዳለሁ ይል እንደነበር ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ ጽፏል። ይህችን ምሳሌ መምህራን እንወዳታለን። አዋላጅ አንዲትን እናት ይዛ ሌሊቱን ሙሉ እንደምታድር ግን እንረሳለን። እኔ ያለኝ 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ስጠራ ብቻ አምስቱ ይሄዳል።

ፕላቶ የጻፈው አንድ ትዕይንት ግን ለሒሳብ መምህር እንደ ስጦታ ነው። ሶቅራጥስ በባርነት ያደገ፣ ጂኦሜትሪ ተምሮ የማያውቅ አንድ ልጅ ጠርቶ መሬት ላይ ካሬ ይስልለታል፤ ጎኑ ሁለት ጫማ፣ ስፋቱ አራት ካሬ ጫማ። ከዚያ ስፋቱ የዚህ እጥፍ የሆነ ካሬ ጎኑ ስንት ነው ብሎ ይጠይቀዋል።

ይህንኑ በስምንተኛ ክፍል ሞከርኩት። ሰሌዳው ላይ ጎኑ 2 የሆነ ካሬ ሳልኩና «ስፋቱን እጥፍ የሚያደርገው ጎን ስንት ነው?» አልኩ።

«አራት!» ያው በአንድ ጉሮሮ።

መልስ አልሰጠሁም። አንዲት ልጅ ጠርቼ ጎኑ 4 የሆነውን ካሬ አሳልኳት። ትንሹን ካሬ ውስጡ ስትደረድር አራት ጊዜ ገባ፤ ስፋቱ 16። እኛ የፈለግነው 8 ነበር። ክፍሉ ረጭ አለ። ከኋላ አንዱ «እንግዲያው ሦስት ነው» አለና ግማሹ ክፍል አጨበጨበለት። ሦስት በሦስት ዘጠኝ። ይኸኔ የመጣው ዝምታ የተለየ ነበር፤ የሰነፍ ዝምታ አልነበረም። እርስ በርስ ይተያዩ የነበሩት ሰሌዳውን ማየት ጀመሩ። አንዱ «ሁለት ተኩል ይሞከር» አለ፣ ሌላው ደብተሩ ላይ አባዝቶ 6.25 ብሎ ጣለው። እጁን አንስቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ነው በመጨረሻ ጠመኔ የጠየቀኝ። ትልቁ ካሬ ውስጥ ያሉትን አራት ትንንሽ ካሬዎች ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሰነጠቃቸው። መካከል ላይ ዘንበል ያለ አንድ ካሬ ወጣ። አራት ግማሾች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት፤ በድምሩ ስምንት።

ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሳም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ተነሡ፣ ብስኩት ሊገዙ ሮጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የስምንት ካሬ ሥር ላይ ስንደርስ «ያ የተሰነጠቀው!» አሉኝ።

ዘዴው ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ያንን ጽሑፍ ደግማችሁ ብታነቡት ልጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው አዎ፣ ልክ ነው እያለ ነው፤ የእኔ ክፍል «አዎ» ማለት ነው። ጥያቄው መልሱን አዝሎ ከመጣ ተማሪው ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ሥራ የለውም። እኔ ከሶቅራጥስ የወሰድኩት ልጁ ሁለት ጊዜ እስኪሳሳት ድረስ የታገሠበትን ትዕግሥት ነው። ከሁለቱ ስሕተቶች ፊት የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ማሟሟቂያ ነው።

ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ የያዘው የተሳሳተ እምነት ባለበት ቦታ ይጠቀሙበት፦ 1/8 ከ1/4 ይበልጣል የሚሉት፣ ከባድ ድንጋይ ከቀላሉ ቀድሞ ይወድቃል የሚሉት፣ አሉታዊ ቁጥር ሲባዛ ሁልጊዜ ያንሳል የሚሉት። ምንም በማያውቁበት ነገር ላይ አይሞክሩት። የነገሥታትን ዘመን በጥያቄ ማዋለድ አይቻልም፤ ያልተፀነሰ አይወለድም፣ ተማሪው የእርስዎን ሐሳብ እንዲገምት ብቻ ያደርጉታል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። እኛ ዘንድ በሰው ፊት መሳሳት ውርደት ነው። ሶቅራጥስ በአደባባይ እየጠየቀ ያሳፈራቸው ሰዎች ቂም ይዘውበት ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ተከስሶ ሞት ሲፈረድበት ያ ቂም ድርሻ ነበረው። አንድን ልጅ አቁሞ ስሕተቱን መበርበር ያን ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ ዝም ያሰኘዋል። እኔ ስሕተቱን የክፍሉ አደርገዋለሁ፤ ማን እንዳለው ሳልጠቅስ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፌ «ይህን የሚያስብ ሰው ምን አይቶ ይሆን?» እላለሁ።

ጥያቄው ራሱ ከልጆቹ እንዲመጣ ከፈለጉ የማቲው ሊፕማንን መንገድ ይዩ። አሜሪካዊው የፍልስፍና መምህር ዩኒቨርሲቲ የደረሱ ተማሪዎቹ በምክንያት መሟገት ሲያቅታቸው አይቶ፣ ይህ ነገር ከልጅነት መጀመር አለበት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1974 ኒው ጀርሲ ውስጥ ለሕፃናት ፍልስፍና የሚሠራ ተቋም አቋቋመ። ልጆቹ ክብ ሠርተው አጭር ታሪክ ያነባሉ፣ ጥያቄ ያወጣሉ፣ የሚወያዩበትን ራሳቸው ይመርጣሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጅ የሚቀመጥበት ዴስክ ነው ያለው፤ ክብ ሠርቼ ስጨርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሠላሳ የማይሞላ ተማሪ ያለው መምህር ግን ቢሞክረው አይቆጭም።

ዲዊ፦ ቃሉን ይዞ ነገሩን ላላየ

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ያበስሉ፣ ይሸምኑ፣ እንጨት ይሠሩ ነበር፤ ሒሳቡና ሳይንሱ ከዚያ ሥራ ውስጥ ይወጣል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ከአምስቱ ሁሉ በጣም የሚያደክመው ይኸኛው ነው፤ ወጣት መምህራንም የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፣ እኔን ጨምሮ።

መጀመሪያ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ገጠር ነበር። ተማሪዎቼ «አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው» ብለው በቃላቸው ይሉታል፤ ሄክታር ግን ከበራቸው ይስፋ ከወረዳው ይስፋ አያውቁትም። ገመድ ይዤ ወደ ሜዳው አወጣኋቸው። አሥር ልጆች ገመዱን ያዙ፣ የቀሩት ኳስ ጀመሩ። አንዱ ገመዱን ለአህያ መጎተቻ ሊወስደው ሞከረ። ርእሰ መምህሩ በመስኮት ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ የነበረውን አልረሳውም።

ዲዊ ይህን አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ1938፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት በሚጠጋው ዕድሜው፣ በስሙ ትምህርት ቤት የከፈቱትን ሳይቀር ወቅሶ፣ ገጠመኝ ሁሉ እንደማያስተምር፣ እንዲያውም አንዳንዱ ትምህርትን እንደሚያበላሽ ጽፏል። ልጁ ካደረገ በኋላ ምን እንደሆነ ቆም ብሎ ካላሰበበት እጁ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። የእኛ «የቡድን ሥራ» ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ከአምስቱ አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ።

በሁለተኛው ሙከራ ነገሩን ገልብጬ ያዝኩት። ከመውጣታችን በፊት «የአባትህ መሬት ስንት ጥማድ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በግምት የሄክታር ሩብ ይሉታል። ክፍሉ ፈላ። አንዱ የእኛ በሬዎች ብርቱ ናቸውና ጥማዳችን ይሰፋል አለ፣ ሌላው ጭንጫ ላይ ጥማድ ያንሳል አለ። እንግዲያው መሬት በምን እንለካ? ወጥተን 50 ሜትር በ50 ሜትር ስንለካ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ሥራ ነበረው፤ አንዱ ገመድ ይዟል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ በእርምጃ እየለካ ያጣራል። በማግሥቱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለ ተለካው ተነጋገርን። በሬ ሲለዋወጥ የማይለዋወጥ መለኪያ ለምን እንደሚያስፈልግ የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

ዋጋው ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር። ዓመታዊ ዕቅዱ ይህን ሁሉ ጊዜ አይሸከምም። እኔ በመንፈቅ ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እጠቀምበታለሁ፣ የዓመቱ ምሰሶ የሆኑ ሐሳቦች ላይ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ለሚያስተምር ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ትንንሽ ልጆች ጠጠርና ቆርኪ ካልቆጠሩ በምን ሊቆጥሩ?

አንድምታ፦ መልስ አንድ ብቻ ለሚመስለው

የአገራችን ፍልስፍና ሲነሣ ብዙ ሰው ዘርዓ ያዕቆብን ይጠራል። ወዲያው «ሐተታ» የሚባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ወደሚለው ሙግት ይገባል። ሙግቱ ለ11ኛ ክፍል የታሪክ ተማሪ ጥሩ መልመጃ ነው፤ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን ያሳየዋል። ለዕለት ተዕለቱ ማስተማር ግን እኔ የምጠቀመው ከሱ ይልቅ ከቅኔ ቤቱና ከመጽሐፍ ቤቱ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ሲባል ትዝ የሚለን ጩኸቱ ነው፦ ሀ ሁ ሂ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ዳዊት። ልጁ የግእዙን ትርጉም ሳያውቅ በቃሉ ይወርደዋል። ይህ ግን ምድር ቤቱ ነው። ከፍ ሲል ቅኔ ቤት አለ፤ የኔታ ከነገሩ በኋላ ተማሪው ብቻውን ወጣ ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ተመልሶ ያቀርባል፣ ይታረማል። ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ብትሆን እንኳ የራሱ መሆን አለባት። ወደ መጽሐፍ ቤት ሲገባ ደግሞ አንድ ቃል ተነብቦ ይተረጎምና «አንድም» ተብሎ ሌላ ፍቺ ይቀጥላል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ወገኖች የሚለያዩበትም ተጠብቆ ይነገራል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ሁሉ ቤት የወረሰው የምድር ቤቱን ጩኸት ብቻ መሆኑ ያንገበግበኛል።

ከእኔ ክፍል ግድግዳ ማዶ የምታስተምር የአማርኛ መምህርት አለች። አንድ ቀን ክፍሌ ባዶ ስለነበረ በመስኮት አዳመጥኳት። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ነው። ከዚያ በታች ምንም ማብራሪያ የለም።

«ሀብት አጠገቡ እያለ የተቸገረ ሰው» አለች አንዷ፤ የመጽሐፉ መልስ። መምህርቷ ጽፋው «አንድም?» አለች።

ዝምታ። ቆይቶ አንድ ልጅ፣ «አንድም ጥፋቱ የልጁ ነው፤ ወርዶ አይቀዳም?»

«ከምኑ አወቅህ?»

«ጠማው ይላል እንጂ ደረቀ አይልም።»

ሌላዋ ተነሣች፦ «አንድም ጥፋቱ የአባትየው ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? አባቱ ቤት የማይውል ልጅ ነው።» ክፍሉ ሳቀ፤ መምህርቷ አልሳቀችም፣ ጻፈችው። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ደግሞ ግድቡ ስለተመረቀ ምሳሌው ጊዜው አልፎበታል አለ። ጎረቤቱ አፉን ሳይከድን «እሱ ለመብራት ነው እንጂ ለመጠጥ ነው እንዴ?» ብሎ ጣለበት።

ሕጓ ሦስት ናት። አንድም ያለ ሰው ከቃሉ ወይም ከሚታወቅ ነገር ማስረጃ ያቀርባል። የተባለ አይደገምም። በመጨረሻ የትኛው ፍቺ ለየትኛው ሁኔታ እንደሚስማማ ክፍሉ ይለያል። ይህች ሦስተኛዋ ሕግ ናት «ሁሉም ልክ ነው» ከሚለው ስንፍና የምታድነው።

እኔም ሰረቅኳት። 18 በ5 ሲባዛ ስንት ነው ብዬ 90 ሲሉኝ «አንድም?» እላለሁ። አንዱ 10 በ5ና 8 በ5 ደምሮ ይመጣል፣ ሌላዋ 18ን ለሁለት ከፍላ 9 በ10 ትላለች፣ አንዱ ከ20 በ5 ላይ 10 ይቀንሳል። መልሱ አንድ ነው፣ መንገዱ ሦስት። አምስት ደቂቃ አይወስድም፤ ገመድ አይፈልግም፣ ዴስክ ማንቀሳቀስ አይፈልግም። ስልሳ ሦስት ተማሪ ለሶቅራጥስ መከራ ነው፣ ለአንድምታ ግን ሲሳይ፤ አፍ በበዛ ቁጥር ፍቺ ይበዛል።

የሚያስቸግረው የመልስ ወረቀቱ ላይ አንዲት ክብ ብቻ የሚጠቆርበት ፈተና ሲመጣ ነው። አንዳንድ ልጅ አንድምታውን ይዞ ገብቶ ሐ እና መ መካከል ሲዋልል ጊዜው ያልቅበታል። ስለዚህ መቼ አንድም እንደሚባልና መቼ እንደማይባል በግልጽ ይንገሯቸው።

ፍሬሬና አርስቶትል፣ በአጭሩ

ብራዚላዊው የትምህርት ፈላስፋ ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አንጂኮስ በምትባል ከተማ፣ ሦስት መቶ ለሚሆኑ ሠራተኞች ፊደል ሲያስቆጥር የጀመረው ከሕይወታቸው በወጡ ቃላት ነበር፤ ጡብ የሚሠራ ሰው ማንበብን «ጡብ» ከሚለው ቃል ይጀምራል። በዓመቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲካሄድ ታሰረ፣ ከዚያ ተሰደደ። መምህሩ እንደ ባንክ ገንዘብ አስቀማጭ፣ ተማሪው እንደ ባዶ ካዝና የሚቆጠርበትን ትምህርት ነው የተቃወመው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማሩ ትልልቅ መምህራን፣ ገበሬው ስሙን ራሱ ጽፎ በጣቱ መፈረሙን ሲተው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ሲያወሩ፣ የፍሬሬን ስም ሳይሰሙ ፍሬሬን እያወሩ ነው።

ለከኋላ ዴስኩ ልጅ ይህ ይሠራል። በመቶኛን ከመጽሐፉ ምሳሌ አውጥቼ እናቱ ወደምትጥለው ዕቁብና ጉሊት ወደምትሸጠው ሽንኩርት ሳመጣው ያ ልጅ ቀና አለ፤ ትርፏን ከእኔ ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል። ፍሬሬን ሙሉውን ክፍል ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ያስተማረው በፈቃዳቸው የመጡ አዋቂዎችን ነው፤ የትምህርቱን አርእስት ከተማሪው ጋር እንወስን ቢባል፣ አርእስቱን የወሰነው እኔም አይደለሁ፣ ርእሰ መምህሩም አይደሉ። ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ለሚያስተምር ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

አርስቶትል የሚለው ደግሞ ይህን ነው፦ ግንበኛ የሚኮነው በመገንባት፣ በገና ደርዳሪ የሚኮነው በመደርደር ነው፤ ጻድቅም የሚኮነው ጽድቅ በመሥራት። ለግብረ ገብ ትምህርት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። የግብረ ገብ ፈተናውን ከጎረቤቱ ኮርጆ ከመቶ 90 ያመጣ ልጅ አይቻለሁና ስለ ታማኝነት ማብራሪያ መስጠት ምን ያህል እንደሚያዋጣ አውቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ የመጻሕፍቱን ቁጥር የሚይዘው፣ ሰሌዳ የሚያጠፋው፣ የቀረውን ጓደኛ ደብተር የሚሞላለት ማን ነው? በየሳምንቱ ይዘዋወር፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ። ውጤቱ በአንድ መንፈቅ አይታይም፤ ትዕግሥት የሌለው መምህር አይጀምረው።

ጎን ለጎን ሲቆሙ

በጊዜ ካነጻጸርናቸው አንድምታ በጣም ርካሹ ነው፣ ዲዊ በጣም ውዱ። ሶቅራጥስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ፍሬሬ ዝግጅቱ ከክፍል ውጭ ነው፣ ምክንያቱም አስቀድሞ የልጆቹን ሰፈር ማወቅ ይጠይቃል። አርስቶትል በቀን ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ግን በየቀኑ።

በተማሪ ብዛት ካየን ከሃምሳ በላይ ላለው ክፍል አንድምታና አርስቶትል ይመቻሉ። ሶቅራጥስን ለትልቅ ክፍል የግድ ካሉ፣ መጀመሪያ ሁሉም መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ካልጻፈ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ይልዎታል፣ ስሕተቱም ሳይነካው ያልፋል።

ፈተና ሲቀርብስ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ የተሰማው ምክር «ጥያቄ እናሠራቸው» የሚል ነበር። እናሠራ፣ ግን በሶቅራጥስ መንገድ። ያለፈ ዓመት አንድ የምርጫ ጥያቄ ልሰጣቸው ስፈልግ ትክክለኛውን መልስ ራሴ እነግራቸውና «ሐን የመረጠው ሰው ምን ብሎ አስቦ ነው?» እላለሁ። የተሳሳቱት አማራጮች ዝም ብለው የተጻፉ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የአንድ የታወቀ ስሕተት ወጥመድ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ አራት ጥያቄ ብቻ እንሠራለን፤ ሃያ ከሚያሠራው ባልደረባዬ ጋር በዚህ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል፣ አሁንም አልተስማማንም።

የራስዎን ጠባይም ይመልከቱ። ዝምታ የማይችል መምህር ሶቅራጥስን አይንካ፤ ልጁ ሊያስብ ሲል መልሱን ነጥቆ ይናገርበታል። ግርግር የሚያሳምመው ዲዊን ይተው። እኔ ብዙ የምናገር ሰው ስለሆንኩ ጠያቂ መሆን ከብዶኝ ነበር፤ ጥያቄ ከጠየቅኩ በኋላ በልቤ እስከ አሥር መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ላይ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጅ ይነሣል።

ለጀማሪ መምህር የምለው ይህን ነው፦ በመጀመሪያው መንፈቅ «አንድም?» የምትለዋን ቃል ብቻ ይያዙ። በሁለተኛው አንድ የሶቅራጥስ ክፍለ ጊዜ በወር ይጨምሩ። ገመድ ይዘው ሜዳ መውጣቱ ለከርሞ ይቆይዎት።

የዕለታዊ ዕቅድ ቅጻችን ላይ «የማስተማሪያ ዘዴ» የምትል ጠባብ ዐምድ አለች። ሁላችንም ከመስከረም እስከ ሰኔ «ገለጻ፣ ጥያቄና መልስ፣ የቡድን ውይይት» እያልን እንሞላታለን። እኔ አሁን እዚያ የምጽፈው ልጆቹ የተያዙበትን ነው። ባለፈው መንፈቅ «ብዙዎቹ 1/8 ከ1/4 ይበልጣል ይላሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ አንብበው «ዘዴው አልተጠቀሰም» ብለው በቀይ መለሱልኝ፤ በማግሥቱ ግን መጥተው ከኋላ ዴስክ ላይ ከሦስት ልጆች ጋር ተጠጋግተው ተቀመጡ። ክፍሉ «ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ ነው» ብሎ ሲጮህ እኔ በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። ስድስት ላይ ዘወር ስል፣ እሳቸውም ቅጻቸው ጥግ ላይ ክብ እንጀራ ስለው ለስምንት እየቆረጡት ነበር።